«መሬትዎ ተደራርቧል» ሲባል ኮምፒውተሩ የተጠየቀው ምንድን ነው?

ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ፣ ማለትም ካርታ ያለው የመሬት ደብተር፣ ወደ ገጠር ከዘለቀ ወዲህ የመሬት ወሬ አንድ ቃል ጨምሯል። «ተደራርቧል» የሚለው ነው። ከተሜው «ኦቨርላፕ አድርጓል» ይለዋል። አንድ ገበሬ ማሳውን ለልጁ ሊያወርስ፣ ሊያከራይ ወይም አስይዞ ሊበደር ይሄዳል። ባለሙያው ስክሪኑን ያይና «መሬትዎ ከአዋሳኝዎ ጋር ተደራርቧል» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ጎረቤቱ ገፍቶበታል» ሲል፣ ግማሹ «ኧረ ሲስተሙ ነው» ይላል።

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ብዙም የማይነሳ ሦስተኛ ምክንያት ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ የተጠየቀው አንድ ነገር፣ ሰው የሰማው መልስ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። «ይደራረባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ግን ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያየ ጥያቄ ይሆናል። መልሱም እንደ ጥያቄው ይለያያል።

ምሳሌዎቻችን ከሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ ሲባል በአማራ ክልል ያለውን፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነውን ዞን ማለታችን ነው። ከጅሩ ሜዳ እስከ አንኮበር ገደል ድረስ የመሬቱ መልክ ስለሚለያይ ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ከወሰን ድንጋይ ወደ ኮርድኔት

በመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ላይ ማሳ የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ነበር። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ ተብሎ ይጻፋል። ስፋቱም በግምት ወይም በገመድ ይለካል። በእንዲህ ያለ ደብተር ሁለት ማሳ መደራረቡን መዝገብ አገላብጦ ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው ሰው ሲጣላ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ካርታ አለው። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት ድንበሩ በኦርቶፎቶ ላይ ይሰመራል። ኦርቶፎቶ ማለት ከላይ የተነሳ፣ የመሬቱ ወጣ ገባ ያመጣው መዛባት ተስተካክሎለት እንደ ካርታ የሚለካበት ፎቶ ነው። አንዳንዴም ማዕዘኖቹ በጂፒኤስ ይወሰዳሉ። እያንዳንዱ ማዕዘን ጥንድ ቁጥር ይሆናል፤ ኮርድኔት የሚባለው ይኸው ነው። ቁጥሮቹ ተከታትለው ዞረው መነሻቸው ላይ ሲገጥሙ ፖሊጎን ይሆናሉ፤ ባለ ብዙ ጎን የተዘጋ ቅርጽ ማለት ነው።

ፖሊጎኖቹ የሚቀመጡት በቦታ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ተራ ዳታቤዝ ስምና ቁጥር ያነጻጽራል። የቦታ ዳታቤዝ ደግሞ ቅርጽን ከቅርጽ ያነጻጽራል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው፣ ፖስትግሬስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ ላይ የሚጫነው ፖስትጂአይኤስ ነው። በነጻ ይገኛል። ኦራክልና ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባሉት ዳታቤዞችም ተመሳሳይ አቅም አላቸው።

ዘጠኙ ሳጥን

ኮምፒውተሩ ቅርጽ አያይም። ስለዚህ መደራረብን በሒሳብ የሚገልጽ ሕግ ያስፈልገው ነበር። ማክስ ኤገንሆፈርና ባልደረቦቹ፣ ቀጥሎም ኤሊሴዮ ክሌመንቲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መልኩን አስያዙት። ሐሳቡ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ ማሳ ሦስት ነገር አለው፦ ውስጡ፣ ድንበሩና ውጭው። የአንዱ ማሳ ሦስት ከሌላው ማሳ ሦስት ጋር ሲጋጠም ዘጠኝ ሳጥን ይወጣል። የኔ ውስጥ ካንተ ውስጥ ይገናኛል? የኔ ድንበር ካንተ ድንበር ይገናኛል? የኔ ውስጥ ካንተ ውጭ ይገናኛል? እንዲህ እያለ ዘጠኙም ይሞላል።

ከዘጠኙ ሳጥን የተወሰነ አሞላል ስም ተሰጥቶታል። ኦፕን ጂኦስፓሻል ኮንሰርቲየም የተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር ስሞቹን ስለተቀበላቸው በብዙ ፕሮግራም ውስጥ ተመሳሳይ ናቸው። «ኢንተርሴክትስ» በማንኛውም መንገድ፣ በአንዲት ነጥብም ቢሆን ይገናኛሉ ማለት ነው። «ተችስ» ሲባል ድንበራቸው ይነካካል፣ ውስጣቸው ግን አይገናኝም። «ኮንቴንስ» አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አቅፏል፣ «ኢኩዋልስ» ደግሞ ልክ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ነው። «ኦቨርላፕስ» የሚባለውም አለ። ግራ መጋባቱ የሚበዛው እሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን «ኢንተርሴክትስ»ን እንይ። የጅሩን ሜዳ አስቡት። ማሳ ከማሳ ተያይዟል፤ በመሃል ባዶ ቦታ የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ «የትኞቹ ማሳዎች ይገናኛሉ?» ተብሎ በኢንተርሴክትስ ቢጠየቅ ሁሉም ማሳ ከአዋሳኞቹ ሁሉ ጋር ይወጣል። አምስት አዋሳኝ ያለው ገበሬ አምስት ጊዜ «ተደራረበ» ይባላል። ጥፋት ግን የለም፤ ድንበር ተጋርተዋል፣ በቃ። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ይህን ካላወቀ አንድ ቀበሌ ሙሉ ያለ ነገር ስጋት ላይ ይወድቃል።

«ኦቨርላፕስ» የማያየው መደራረብ

ታዲያ መፍትሔው «ኦቨርላፕስ» የሚለውን መጠቀም ነው? ስሙ እንደዚያ ይመስላል። ግን ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ይደብቃል።

በደረጃው ትርጉም ሁለት ማሳዎች «ኦቨርላፕስ» የሚባሉት ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ውስጣቸው መገናኘት አለበት። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ውጭ የሚቀር መሬት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ውጭ የሚቀር ሊኖረው ይገባል። ማለትም ከፊል በከፊል ሲሸፋፈኑ ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ከዋጠው መልሱ «ሐሰት» ነው። ልክ አንድ ከሆኑም «ሐሰት» ነው።

ይህ በመሬት ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። አንድ አባት አራት ጥማድ የሚያህል ማሳ አለው እንበል። አንዱን ጥማድ ለሴት ልጁ በስጦታ ያስተላልፋል። ለልጅቷ አዲስ ፖሊጎን ይሠራላታል። የአባት ፖሊጎን ግን ሳይቀነስ እንደነበረ ይቀራል። አሁን ያቺ ጥማድ በሁለት ሰው ስም ተመዝግባለች። አባት ሲያርፍ ወንድሞች በአባታቸው ካርታ መሠረት አራቱንም ይካፈላሉ። የቤተሰብ ጠብ ከዚህ ይጀምራል። ዳታቤዙ ግን «ኦቨርላፕስ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለም» ብሏል። የልጅቷ ማሳ ሙሉ በሙሉ በአባቷ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይከብዳል። አንድ ማሳ ሁለቴ ተመዝግቦ፣ ለሁለት ሰው ማረጋገጫ ቢሰጥ፣ ቅርጹም ተቀድቶ አንድ ዓይነት ቢሆን «ኦቨርላፕስ» አሁንም ዝም ይላል። ከሁሉ የከፋው ጥፋት፣ አንድ መሬት ለሁለት ሰው መስጠት፣ በዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ዝርዝሩን የሚያየው ኃላፊ ደግሞ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይፈርማል።

ትክክለኛው ጥያቄ ከስሞቹ አንዱ አይደለም። ከዘጠኙ ሳጥን አንዱን ብቻ መጠየቅ ነው፦ ውስጥና ውስጥ ይገናኛሉ ወይ? የቀሩት ስምንቱ ሳጥኖች ምንም ይሁኑ ምን ግድ የለንም። ፖስትጂአይኤስ «ሪሌት» በሚባለው ትእዛዝ ይህን ይፈቅዳል። በዚህ ጥያቄ ከፊል መደራረብም፣ መዋጥም፣ አንድ መሆንም ይያዛል። ድንበር መጋራት ብቻውን ግን አይያዝም። የትእዛዙ ርዝመት ከአንድ መስመር አያልፍም። ልዩነቱ ግን የአንድ ቤተሰብ ዕጣ ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። እያንዳንዱ ማሳ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ውስጡ ከውስጡ ይገናኛል። ሀ ከለ፣ ለ ከሀ ተብሎም ሁለቴ ይቆጠራል። ይህ ካልታረመ 12 ጥንድ ችግር 24 ሆኖ ይነገራል። ስለዚህ «በዚህ ወረዳ ይህን ያህል መደራረብ ተገኘ» የሚል ቁጥር ሲሰማ እንዴት እንደተቆጠረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኮምፒውተሩ ሳያይ የሚያልፈው፣ ሳያይ ማለፍ ያለበትም

አንድ ወረዳ 100,000 ማሳ አለው ብለን እናስብ። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ማነጻጸር 5 ቢሊዮን ጥንድ ገደማ ይሆናል። የመንዝን ማሳ ከምንጃር ማሳ ጋር ማነጻጸር ከንቱ ድካም እንደሆነ ሰው ያውቃል። ኮምፒውተሩ ይህን እንዲያውቅ ኢንዴክስ ይሠራለታል፤ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ አንቶኒን ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው «አር ትሪ» ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ማሳ በአራት ማዕዘን ሳጥን ይታቀፋል። ሳጥኖቹ በትልልቅ ሳጥን ይሰበሰባሉ፤ ትልልቆቹም በሌላ። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ሳጥኖች ይነጻጸራሉ። ሳጥናቸው ካልተገናኘ ማሳዎቹም አይገናኙም። ሳጥናቸው የተገናኘው ብቻ በትክክለኛ ቅርጻቸው ዳግም ይፈተሻሉ።

ችግሩ ሁለተኛው ፍተሻ ሲቀር ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰያፍ የሚሄድ፣ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ ያለው የመንገድ ይዞታ እናስብ። ስፋቱ 2 ሄክታር ነው። የሚያቅፈው ሳጥን ግን 52 ሄክታር ገደማ ይሆናል። በሳጥን ብቻ የሚፈርድ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ገበሬ ሁሉ «መንገድ ውስጥ ገብተሃል» ይለዋል። ይህ የተፈጠረ ስጋት አይደለም። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ5.6 በፊት በነበሩት ስሪቶቹ የመደራረብ ጥያቄዎችን የሚመልሰው በሳጥን ነበር። ዛሬም በሳጥን ብቻ የሚያነጻጽሩ ትእዛዞች በብዙ ፕሮግራም ውስጥ አሉ። ፈጣን ስለሆኑ ያጓጓሉ።

የፀጉር ያህል ስንጥቅ

ጥያቄው ተስተካክሎ፣ ኢንዴክሱም ሠርቶ የሚመጣው ዝርዝር ብዙ ጊዜ በጣም ረጅም ነው። አብዛኛው ደግሞ ዓይን የማያየው ነው።

መነሻው ይህ ነው። ሀ የተባለው ማሳ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ ድንበር አለው። ከማዶ ያለው ማሳ ለሁለት ሲከፈል በዚያ ቀጥ ያለ መስመር መካከል አዲስ ማዕዘን ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ ቁጥርን የሚያስቀምጠው በተወሰነ ዲጂት ነው። አዲሱ ማዕዘን ልክ በመስመሩ ላይ ላይውል ይችላል፤ በሚሊ ሜትር ሽራፊ ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንደ ፀጉር የቀጠነ መደራረብ ይፈጠራል። በሌላ በኩል በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። 50 በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ አንድ ጎኑ 3 ሜትር ቢገፋ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከማሳው 6 በመቶ። ይህ እንደ ፀጉሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ መቻቻያ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለውን ልዩነት እንደሌለ እንቁጠረው የሚባልበት ልክ ማለት ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይነሳል። አንዳንድ ባለሙያዎች መቻቻያው ዜሮ ይሁን ይላሉ። ድንበር ድንበር ነው፤ ዛሬ በሴንቲ ሜትር የታለፈ ነገ በሜትር ይታለፋል ባዮች ናቸው። ሌሎች ደግሞ ልኬቱ ራሱ በሜትር እየሳተ በሚሊ ሜትር መፍረድ ሕዝብን ማጉላላት ነው ይላሉ። የሁለተኞቹ መከራከሪያ ለገጠር ማሳ ይበልጥ ያሳምናል። መሣሪያው ከሚስተው ልክ በታች መፍረድ የመሣሪያውን ስሕተት እንደ ሰው ጥፋት መቁጠር ነው።

ልኩ በስፋት ብቻ መወሰኑ ግን አይበቃም። 150 ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ስንጥቅ 1.5 ካሬ ሜትር ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ መሃል የሱቅ በር ፊት ያለ ቁራጭም 1.5 ካሬ ሜትር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምንም አይደለም፤ ሁለተኛው መግቢያ ያሳጣል። ስለዚህ ስፋቱም ቅጥነቱም አብረው መታየት አለባቸው። የተመረጠው ልክ ደግሞ ለሕዝብ መነገር አለበት። የተለኩት ካርታዎች ለሕዝብ እይታ ሲለጠፉ «ከዚህ በታች ያለ ልዩነት አልተቆጠረም» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ጠብ ያበርዳል።

ቢራቢሮ የሚመስሉ ቅርጾችም አሉ። የአራት ማዕዘን ነጥቦች 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብለው መግባት ሲገባቸው 1፣ 3፣ 2፣ 4 ሆነው ከገቡ ድንበሩ ራሱን ያቋርጣል። የእንዲህ ያለ ቅርጽ ውስጥና ውጭ አይታወቅም። ስለ መደራረቡ የሚመጣው መልስም እምነት የሚጣልበት አይደለም። ፍተሻው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ ፖስትጂአይኤስም የቅርጽ ጤንነት መመርመሪያ አለው።

ከተማው ገጠሩን ሲጠቀልል

ደብረ ብርሃን እየሰፋች ነው። ኢንዱስትሪው፣ መኖሪያ ቤቱ፣ መንገዱ ዙሪያዋን ወዳሉት የገጠር ቀበሌዎች ይገፋል። የገጠሩ ይዞታ የሚተዳደረው በገጠር መሬት ሕግ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አለ። የከተማው ምዝገባ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 ነው። ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ዳታቤዝ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ካርታ ላይ ሲወጡ ከሁሉ የሚያስፈራው መደራረብ ይታያል።

ከመፍረድ በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት፦ ኮርድኔቱ በምን መነሻ ተለካ? መነሻ ማለት ቁጥሮቹ ከየት ተነስተው እንደሚቆጠሩ የሚወስነው ስምምነት ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው መነሻ «አዲንዳን» ይባላል። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ «ደብሊውጂኤስ 84» የሚባለውን ነው። ሰሜን ሸዋ በሁለቱም ዘንድ በካርታ አከፋፈል በ37ኛው ቀጠና ውስጥ ስለሚወድቅ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ። በዓይን አይለዩም። ግን በአንዱ የተጻፈ ኮርድኔት በሌላው ቢነበብ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። የአንድ ሰው ማሳ ሦስት አራት ማሳ አልፎ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

እያንዳንዱ ቅርጽ በየትኛው መነሻ እንደተለካ የሚናገር መለያ ቁጥር አለው። ፖስትጂአይኤስ የተለያየ መለያ የተሰጣቸውን ሁለት ቅርጾች አነጻጽር ሲባል እምቢ ይላል። ይህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሠራተኛ ሥራው እንዲያልቅለት ቁጥሩን ሳይቀይር መለያውን ብቻ ቢቀይር ማሽኑ ምንም አይናገርም። መለያ መለጠፍና ኮርድኔት መቀየር በፖስትጂአይኤስ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ስማቸው ተቀራራቢ ባይሆንም ሥራቸው ይምታታል። በአንድ አካባቢ ያሉ ማሳዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እኩል ሸሽተው ከታዩ ጎረቤት ገፋ የሚለው ሐሜት መቆም አለበት። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሌሊት ተመካክሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አይገፋም።

ዲግሪ ሌላው ወጥመድ ነው። ኮርድኔቱ በኬክሮስና በኬንትሮስ ተጽፎ ከሆነና እንደ ተራ ጠፍጣፋ ቁጥር ከተቆጠረ የመደራረቡ ስፋት በካሬ ዲግሪ ይወጣል። ያ ለማንም ትርጉም የለውም። በደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነጥብ በኋላ አራት ዲጂት ብቻ ከተያዘ ልዩነቱ 11 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ስድስት ከተያዘ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ሁለት ዲጂት በመቁረጥ ብቻ አንድ ሙሉ ጎጆ የሚያህል ቦታ ይወዛወዛል።

ዳገት ላይ ያለ ማሳ

ጣርማበርና አንኮበር አካባቢ ሌላ ቅሬታ ይመጣል። «በገመድ ስለካው ይበልጣል፤ ካርታው አሳንሶታል» የሚል ነው። ካርታ መሬትን የሚለካው ከላይ ወደ ታች እንደታየ፣ በአግድም ነው። 30 ዲግሪ ባዘነበለ ዳገት ላይ በገመድ 100 ሜትር የሆነ በካርታ 87 ሜትር ገደማ ይሆናል። ማንም አልወሰደውም፤ አልተደራረበምም። ይህ ቀደም ብሎ ቢነገር ኖሮ ገበሬው ጎረቤቱን አይጠረጥርም ነበር።

ይከልክል ወይስ ያስጠንቅቅ?

መደራረብ ሲገኝ ሲስተሙ ምን ያድርግ በሚለው ላይ ሁለት አቋም አለ። አንደኛው ይከልክል ይላል። የተደራረበ ማሳ አይመዝገብ፣ አይተላለፍ፣ ለብድርም አይያዝ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል። ጉዳቱ ግን በደሃው ላይ ይወድቃል። በመጀመሪያ የተመዘገበው ሰው ድንበሩ የተሳሳተ ቢሆንም ያልፋል። ዘግይቶ የመጣው ትክክል ቢሆንም ይታገዳል። ማሽኑ የሚያውቀው ማን ቀድሞ እንደገባ ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ እንዳረሰ አያውቅም።

ሁለተኛው ይመዝግብ፣ ግን ምልክት ያድርግ ይላል። ሥራው አይቆምም። ነገር ግን ምልክቱ ለዓመታት ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ባንክ ወይም የብድር ተቋም ምልክት ያለበትን ይዞታ ላይቀበል ይችላል። መሬቱ ለልማት ቢፈለግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ካሣ ከይዞታው ስፋት ጋር ስለሚያያዝ የተደራረበችው ቁራጭ ካሣ ወይ ሁለት ጊዜ ለሁለት ሰው ይከፈላል፣ ወይ ለማንም ሳይከፈል ይያዛል።

ሚዛናዊ የሚመስለው መንገድ መከልከሉን በመደራረቡ ዓይነት መለየት ነው። አንድ ማሳ ሌላውን ከዋጠ ወይም አንድ ከሆነ መቆም አለበት፤ መነሻው ከተጣራ ያ ተራ የልኬት ስሕተት አይመስልም። ከመቻቻያው በላይ የሆነ ከፊል መደራረብ ምልክት ተደርጎበት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ሁለቱ አዋሳኞች፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴና ቀያሹ ቦታው ላይ ይገናኙ። ወሰን ድንጋዩ ወይም ካቡ ያለበት ይለካ። ከመቻቻያው በታች ያለው በቢሮ ይስተካከል፤ ገበሬው ለዚያ መንገድ አይምታ።

ሲታረምም ሁለቱ ፖሊጎኖች አብረው ይታረሙ። አንዱ ብቻ ከተነካ መደራረቡ ይጠፋና በቦታው ማንም ያልተመዘገበበት ክፍተት ይፈጠራል። የመደራረብ ጥያቄ ክፍተትን አያይም፤ ለእሱ ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል። የጋራው ድንበር በሁለቱም ማሳ ላይ በአንድ ዓይነት ማዕዘን፣ በአንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ። ከዚያ «ውስጥና ውስጥ ይገናኛሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ይጠየቅ።